በዓለም ላይ ስንት ገንዘብ አለ? ከአሞሌ እስከ ኤም-ፔሳ

የቅዳሜው የአማርኛ ክፍል ተማሪዎች

ዘንድሮ በክፍላችን ብዙ ሳምንት የወሰደብን ጥያቄ የመጣው ከቁጥር ትምህርት ነው። ሺህ፣ ሚሊዮን፣ ቢሊዮን እያልን በአማርኛ መቁጠር ስንለማመድ አንድ ጓደኛችን እጁን አወጣና «በዓለም ላይ ያለው ገንዘብ ሁሉ ቢቆጠር ስንት ይሆናል?» ሲል ጠየቀ። አስተማሪያችን ጥቂት አሰቡና «እንቆጥረዋለን፤ ግን የምንቆጥረውን ነገር መጀመሪያ እንወቀው። በሚመጣው ቅዳሜ ወላጆቻችሁን አስፈቅዳችሁ ከቤት ያገኛችሁትን ዓይነት ገንዘብ ይዛችሁ ኑ» አሉን።

በቀጠሮው ቀን ጠረጴዛው ሞላ። የኬንያ ሳንቲሞች፣ የ50 እና የ1,000 ሽልንግ ኖቶች፣ የኢትዮጵያ 200 ብር፣ አንድ ዶላር ተደረደሩ። አንዷ ልጅ የእናቷን ስልክ አስቀመጠችና «የእኛ ቤት ገንዘብ እዚህ ውስጥ ነው» ስትል ሁላችንም ሳቅን። በመጨረሻ አንድ ልጅ ከፖስታ ውስጥ አሥር የመቶ ብር ኖቶች አወጣ። አያቱ ከዓመታት በፊት ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲመጡ ለክፉ ቀን ብለው በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ያመጧቸው፣ ከዚያም ሳጥን ውስጥ ያኖሯቸው ናቸው። በጀርባቸው በማይክሮስኮፕ የሚመለከት ሰው ሥዕል አለ።

አስተማሪያችን ጠረጴዛውን ተመለከቱና «ከዚህ ሁሉ ውስጥ ገንዘብ ያልሆነው የትኛው ነው?» ብለው ጠየቁን። አብዛኞቻችን ወደ ስልኩ ጠቆምን። ተሳስተን ነበር። ገንዘብ ያልሆነው የአያታችን አንድ ሺህ ብር ነበር።

ቀኑ ያለፈበት ሺህ ብር

መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች በአዲስ እንደሚተኩ፣ 200 ብር የሚባል ኖትም እንደሚጨመር አስታወቀ። ለዚህ 2.9 ቢሊዮን ኖቶች የታተሙ ሲሆን ለኅትመቱ 3.7 ቢሊዮን ብር ወጥቷል። አሮጌውን ለመለወጥ የተሰጠው ጊዜ ሦስት ወር ነበር። ዓመቱ የኮሮና ዓመት ነው፤ አያታችን ናይሮቢ፣ ባንኩ አዲስ አበባ። ሦስቱ ወራት አለፉ። ኖቶቹ ግን ሳጥናቸው ውስጥ ነበሩ።

ይህ በኢትዮጵያ ብቻ የደረሰ ነገር አይደለም። ኬንያም እ.ኤ.አ. በጁን 1 ቀን 2019፣ በማዳራካ በዓል፣ አዲስ ኖቶችን አስተዋወቀች። አሮጌው የ1,000 ሽልንግ ኖት እስከ ሴፕቴምበር 30 ካልተመለሰ እንደማይሠራ ተነገረ። ቀኑ ካለፈ በኋላ የኬንያ ማዕከላዊ ባንክ ቆጥሮ 7.4 ሚሊዮን ያህል ኖት አለመመለሱን አስታወቀ። ይህም 7.4 ቢሊዮን ሽልንግ ገደማ ነው። (የማዕከላዊ ባንኩ ዋና መሥሪያ ቤት መሀል ከተማ፣ በኃይለ ሥላሴ ጎዳና ላይ እንደሚገኝ ብዙዎቻችን ያወቅነው በዚህ ትምህርት ነው።)

እነዚያ ወረቀቶች አልተቃጠሉም፤ አልተቀደዱም፤ ሐሰተኛም አልነበሩም። ታዲያ ምን ጠፋ? የጠፋው ከወረቀቱ በስተጀርባ የነበረው ቃል ነው። ኖት ማለት «ይህን ያመጣ ሰው ይህን ያህል ዋጋ አለው» የሚል የመንግሥት ቃል ነው። ቃሉ ሲነሳ ወረቀቱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል። የመጀመሪያው ትምህርታችን ይህ ሆነ።

ገንዘብ ዕቃ በነበረበት ጊዜ

ገንዘብ ግን ሁልጊዜ ቃል ብቻ አልነበረም። «ገንዘብ» የሚለው ቃል ራሱ በጥንቱ አነጋገር ንብረት፣ የራስ የሆነ ነገር ማለት ነው። ዛሬም «ዕውቀትን ገንዘብ ማድረግ» እንላለን።

አክሱም እ.ኤ.አ. በሦስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ በንጉሥ እንዱቢስ ዘመን የወርቅና የብር ሳንቲም ማውጣት ጀመረች። ንጉሥ ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል በሳንቲሙ ላይ መስቀል ተቀረጸ። የወርቁ ሳንቲም ለውጭ ንግድ ሲሆን፣ ለገበያ ይውሉ ከነበሩት የመዳብ ሳንቲሞች በአንዳንዶቹ ላይ ሕዝቡን ደስ እንዲያሰኝ የሚመኝ ጽሑፍ በግሪክኛ ሰፍሯል። ገንዘብ ሕዝብ ካልተቀበለው እንደማይሠራ ያኔም የታወቀ ይመስላል።

አክሱም ሳንቲም ማውጣት ካቆመች በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት ጨው ገንዘብ ሆኖ አገልግሏል። ከአፋር ምድር ተቆርጦ በግመልና በአህያ የሚጫነው የጨው ጡብ አሞሌ ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 ኢትዮጵያ የነበረው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ ጨው በአገሩ ሁሉ እንደ ገንዘብ እንደሚያገለግልና ከተቆረጠበት ቦታ እየራቀ በሄደ ቁጥር ዋጋው እንደሚጨምር ጽፏል። አሞሌ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ገበያው ቢጠፋ እንኳ ወጥ ይጣፍጥበታል። ጉዳትም አለው፤ ዝናብ ካገኘው ይሟሟል፣ ከተሰበረም ዋጋው ይቀንሳል።

ከዚያ ጠገራ ብር መጣ። ይህ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ ምስል ያለበት፣ 28 ግራም የሚመዝን የብር ሳንቲም ነው። ንግሥቲቱ በ1780 ከሞተች በኋላም ሳንቲሙ መቀረጹ አልቆመም፤ ሁሉም ግን ያንኑ 1780 የሚል ዓመት ይዞ ይወጣ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ የራሳቸውን ምስል የያዘ ብር ፓሪስ አስቀርጸው ቢያመጡም ሕዝቡ የለመደውን ጠገራ ቶሎ አልተወም። ዛሬ የገንዘባችን መጠሪያ የሆነው «ብር» የማዕድን ስም ነው። ድሮ ሰው «ብር አለኝ» ሲል ማዕድኑ በእርግጥ በእጁ ነበር።

የአቢሲንያ ባንክ እ.ኤ.አ. በ1905 ተቋቁሞ በ1915 የወረቀት ኖት አወጣ። ሰው ወረቀቱን የተቀበለው ወደ ባንኩ ወስዶ ጠገራ ሊያወጣበት ስለሚችል ነው። እዚህ ላይ ገንዘብ ከዕቃነት ወደ ቃልነት ተሻገረ።

ለእኛ ለናይሮቢ ልጆች ከሁሉ የገረመን ቀጥሎ የሆነው ነው። ኢትዮጵያ በ1933 ዓ.ም. ከጣሊያን ወረራ ነፃ ከወጣች በኋላ በአገሪቱ ውስጥ በሕግ ይሠራበት የነበረው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ነበር፤ ያው በኬንያ ይሠራበት የነበረው! ይህ እስከ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. ቆየ። በዚያ ቀን ኢትዮጵያ የራሷን ብር አወጣች፤ ምንዛሪውም አንድ ብር በሁለት ሽልንግ ሆነ። ቅድመ አያቶቻችን አዲስ አበባ ላይ በሽልንግ ገበያ ወጥተዋል ማለት ነው።

በመጨረሻ የማዕድኑ ነገር በዓለም ሁሉ ቀረ። እ.ኤ.አ. እስከ ኦገስት 1971 ድረስ የሌሎች አገሮች ማዕከላዊ ባንኮች ዶላር ሰጥተው ከአሜሪካ መንግሥት ወርቅ መቀበል ይችሉ ነበር። ፕሬዚዳንት ኒክሰን ይህን አስቀሩ። ከዚያ ወዲህ ከኖቱ በስተጀርባ የቀረው ቃሉ ብቻ ነው።

አሥሩ ቆርኪ እንዴት ሠላሳ ሆነ

ወደ ጥያቄያችን ስንመለስ «እንግዲህ ኖቱንና ሳንቲሙን ሁሉ ብንቆጥር ጨረስን ማለት ነው» ብለን ነበር። አስተማሪያችን ግን አሥር የለስላሳ ቆርኪ አመጡና ጨዋታ አጫወቱን። እናንተም ቤት ውስጥ ሞክሩት።

አንድ ልጅ ባንክ ሆነ። አንደኛው ተማሪ አሥሩን ቆርኪ አስቀመጠ፤ ባንኩ በደብተሩ ላይ «10» ብሎ ጻፈለት። ባንኩ ሁለት ቆርኪ ይዞ ስምንቱን ሱቅ ለመክፈት ለምትፈልግ ልጅ አበደረ። እሷ በስምንቱ ቆርኪ ከአናጺው መደርደሪያ ገዛች። አናጺውም የተከፈለውን ስምንት ቆርኪ እዚያው ባንክ አስቀመጠ፤ በደብተሩ «8» ተጻፈለት። ባንኩ እንደገና ሁለት ይዞ ስድስት አበደረ። ስድስቱ ዞሮ ተመለሰ፤ ከዚያ አራት፣ ከዚያም ሁለት እያለ ቀጠለ።

መጨረሻ ላይ በአምስቱ ደብተሮች የተጻፈውን ደመርን፤ 10፣ 8፣ 6፣ 4 እና 2፣ በድምሩ 30። በሳጥኑ ያለው ቆርኪ ግን ያው አሥር ነው። አምስቱም ልጆች በደብተራቸው ያለውን እንደ ገንዘብ ይቆጥሩታል፤ ሊከፍሉበትም ይችላሉ። ሃያው ከየት መጣ? ከብድር። ባንኩ ያበደረው 8፣ 6፣ 4 እና 2 በድምሩ ሃያ ነው። ተበዳሪዎቹ ዕዳቸውን ሲመልሱ ደግሞ ያ ሃያ ከደብተር ላይ ይጠፋል። በባንክ ውስጥ ያለው ገንዘብ ሲበደሩት የሚወለድ፣ ሲከፍሉት የሚጠፋ ነው ማለት ነው።

ከዚያ አስተማሪያችን «አሁን ሁላችሁም ገንዘባችሁን አውጡ» አሉ። ባለ አሥሩ ቀድሞ ደረሰና ሳጥኑን ባዶ አደረገው። የቀሩት አራቱ ጮኹ፤ አንዱማ ባንኩን «ሌባ!» አለው። ባንክ የሆነው ጓደኛችን ሊያለቅስ ደርሶ «አንድም ቆርኪ አልሰረቅኩም!» እያለ የብድር መዝገቡን አሳየን። እውነቱን ነበር። ሃያ ቆርኪ ከሰው ላይ አለው፤ ጊዜው ግን አልደረሰም። ባንክ የሚቆመው ሁሉም ሰው በአንድ ቀን አይመጣም በሚል እምነት ነው። ለዚህም ነው ማዕከላዊ ባንክ ባንኮችን የሚቆጣጠረው፤ የተወሰነ መጠባበቂያ እንዲይዙም የሚያስገድደው። ኬንያ ውስጥ ባንክ ቢዘጋ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ድርጅቱ ለእያንዳንዱ አስቀማጭ እስከ 500,000 ሽልንግ ድረስ ዋስትና ይሰጣል።

እንቁጠር

አሁን መቁጠር እንችላለን። መጀመሪያ የቁጥሮቹን ስፋት እንይ። አንድ ሚሊዮን ሴኮንድ 11 ቀን ተኩል ያህል ነው። አንድ ቢሊዮን ሴኮንድ 32 ዓመት ሊሆን ትንሽ ይቀረዋል። አንድ ትሪሊዮን ሴኮንድ ግን ከ31 ሺህ ዓመት ይበልጣል።

ወርቅ፦ ሰው እስካሁን ከመሬት ያወጣው ወርቅ ሁሉ ከ210 ሺህ ቶን በላይ ነው። ቀልጦ አንድ ላይ ቢቀመጥ እያንዳንዱ ጎኑ 22 ሜትር ያህል የሆነ ኩብ ይወጣዋል። ይህ የሰባት ፎቅ ሕንፃ ቁመት ገደማ ነው፤ እዚህ ኪሌሌሽዋ ውስጥ ከእሱ የሚረዝሙ አፓርታማዎች ሞልተዋል።

ኖትና ሳንቲም፦ በዓለም ላይ የሚዘዋወረው የአሜሪካ ኖትና ሳንቲም 2.3 ትሪሊዮን ዶላር ያህል ነው። ከዚህም ግማሽ ያህሉ ከአሜሪካ ውጭ እንደሚገኝ ይገመታል፤ ጠረጴዛችን ላይ የነበረችው አንድ ዶላር ከዚያ ውስጥ ናት።

የባንክ ተቀማጭ፦ ኖቱና በባንክ ያለው ተቀማጭ አንድ ላይ ሲቆጠር የአሜሪካ ገንዘብ ከ20 ትሪሊዮን ዶላር ይበልጣል። ከአሥር ዶላር ዘጠኙ ያህል በመዝገብ ላይ ያለ ቁጥር ነው ማለት ነው። በኬንያም ከጠቅላላው ገንዘብ ኖትና ሳንቲሙ ከአሥር አንድ እጅ አይሞላም።

የዓለም ሁሉ፦ የአገሮች ኖት፣ ሳንቲምና የባንክ ተቀማጭ ሁሉ ወደ ዶላር ተለውጦ ቢደመር ከ100 ትሪሊዮን ዶላር በላይ ይሆናል። ይህን ለስምንት ቢሊዮን ሰው ብናካፍለው ለእያንዳንዱ 12,500 ዶላር ይደርሰዋል። ክፍሉ በሙሉ «የእኔ ድርሻ የት አለ?» ብሎ ጮኸ። አስተማሪያችን ግን ሌላ ቁጥር ጻፉልን፤ መንግሥታት፣ ኩባንያዎችና ቤተሰቦች ያለባቸው ዕዳ ከ300 ትሪሊዮን ዶላር ይበልጣል። የአንዱ ሀብት የሌላው ዕዳ መሆኑን በቆርኪው አይተናል።

ቢትኮይንን የጠየቀም ነበር። ቢትኮይን በኮምፒውተሮች መረብ ላይ የሚመዘገብ ሲሆን ቁጥሩ ከ21 ሚሊዮን እንዳይበልጥ ተደርጎ የተሠራ ነው። ከበስተጀርባው ቃል የገባ መንግሥት የለም፤ ዋጋው የሚወሰነው በገዢና በሻጭ ብቻ ስለሆነ በጣም ይወጣል፣ በጣምም ይወርዳል። ስለዚህ ከላይ ባለው ድምር ውስጥ አላስገባነውም።

ስልኩ ውስጥ ያለው ሽልንግ

የሳቅንባትን ልጅ ይቅርታ ጠይቀናል። ኤም-ፔሳ ኬንያ ውስጥ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በማርች 2007 ነው። እናቷ ለወኪሉ 1,000 ሽልንግ ኖት ስትሰጥ፣ ወኪሉ ከራሱ ስልክ 1,000 ሽልንግ ወደ እሷ ስልክ ያዛውራል። በደንበኞች ስልክ ላይ ለሚታየው ሽልንግ ሁሉ ተመጣጣኝ ገንዘብ በአደራ ሒሳብ ባንክ ውስጥ መቀመጥ አለበት። በር ላይ ከማማ ምቦጋ ሱኩማ ገዝታ በስልክ ስትከፍል የሚንቀሳቀስ ወረቀት የለም፤ የሚለወጠው ባለቤቱ ማን እንደሆነ የሚናገረው መዝገብ ብቻ ነው። ኢትዮጵያም ቴሌብርን በግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀመረች፤ ኤም-ፔሳም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. እዚያ ሥራ ጀምሯል።

ብዛቱና አቅሙ

አንድ ነገር ቀረን። የአያታችን ሺህ ብር በጊዜው ተለውጦ ቢሆንስ? መስከረም 2013 ዓ.ም. ላይ አንድ ዶላር በባንክ 36 ብር ያህል ስለነበር 1,000 ብር 27 ዶላር ገደማ ያወጣ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪውን ዋጋ ለገበያ ለቀቀው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 ብር በላይ ሆነ። ያው 1,000 ብር ወደ 8 ዶላር ወረደ። በ1937 ዓ.ም. ሁለት ሽልንግ የነበረው ብርም ያኔ ከኬንያ ሽልንግ ጋር ሊተካከል ተቃርቦ ነበር። ስለዚህ ገንዘብ በሁለት መንገድ ይሞታል፤ በአንድ ቀን ቃሉ ሲነሳ፣ ወይም ቀስ በቀስ አቅሙ ሲያልቅ። «ስንት አለ?» ብቻ ሳይሆን «ምን ይገዛል?» ማለትም ያስፈልጋል።

እቁብም በክፍል ውስጥ ተነሥቷል። አሥራ ሁለት ሰዎች በየወሩ 10,000 ሽልንግ ቢጥሉ እጣ የወጣለት 120,000 ያገኛል። እቁብ እንደ ባንክ አዲስ ገንዘብ አይፈጥርም፤ ያለውን ሰብስቦ በተራ ያደርሳል። የእሱም መሠረት ያው ነው። አስቀድሞ እጣ የወጣለት ሰው እስከ መጨረሻው ወር መጣሉን እንዲቀጥል ዋስ ይጠራል፤ ጸሐፊው ይመዘግባል።

መልሳችን

«በዓለም ላይ ስንት ገንዘብ አለ?» ለሚለው መልሳችን፦ ከ100 ትሪሊዮን ዶላር በላይ፤ ግን በእጅ የሚያዘው ከዚህ ትንሹ ክፍል ነው፤ ትልቁ ክፍል ሰዎች እርስ በርሳቸው የገቡት፣ በመዝገብ የተጻፈ ቃል ነው። ስለዚህ ገንዘብ ያለው ሰው ሁልጊዜ ሁለት ነገር መጠየቅ አለበት፤ ይህን ቃል የሰጠኝ ማን ነው? እስከ መቼ?

ትምህርቱ ሲያልቅ ጓደኛችን አያቱን ስለ ሺህ ብሩ ጠየቃቸው። አልተቆጡም፤ አላዘኑምም። «የነገረኝ ሰው የለም እኮ፣ ልጄ» አሉት። ይህን ስንሰማ ዝም አልን። በዚያ ሰሞን በየቤታችን ዜናውን የሰማ ሰው ነበረ፤ እሳቸውን ያስታወሰ ግን አልነበረም። ስለዚህ የዚህ ዓመት የቤት ሥራችን የሚከተለው ሆኗል፤ ወላጆችም አብራችሁን እንድትሠሩት በአክብሮት እንጠይቃለን።

1. በቤታችሁ ካሉት ወይም አገር ቤት ካሉት አዛውንት አንዱን ጠይቁ፤ ያስቀመጡት ገንዘብ አለ? በኖት ነው፣ በባንክ ወይስ በስልክ? የሚያስፈልጋቸው ዜና ካለ ንገሯቸው።

2. የቆርኪውን ጨዋታ ባንኩ በየጊዜው አምስት ቆርኪ እየያዘ ተጫወቱት። በደብተሮቹ ላይ ያለው ድምር ስንት ሆነ? ለምን አነሰ?

3. በ1,000 ሽልንግ የሚገዛ የቤት አስቤዛ ዝርዝር ጻፉ። ዝርዝሩን አስቀምጡና በሚመጣው ዓመት በዚሁ ወር ዋጋውን እንደገና ደምሩ።